የቀለበቶቹ ጌታ የካርታ ጨዋታና ለጀማሪ የሚስማማው ቁልል

ካርታ መጫወት ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው አንዱ የሌላውን እጅ ለማወቅ የሚያደባበት፣ ወዳጅም ከወዳጁ የሚፎካከርበት ነገር ሲሆን፣ ኔት ፍሬንች የነደፈውና ፋንተሲ ፍላይት ጌምስ የተባለው አሳታሚ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የቀለበቶቹ ጌታ የካርታ ጨዋታ» ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡትን ሁሉ በአንድ ወገን አሰልፎ፣ የጠላትነቱን ግብር ማንም ሰው ለማይዘው ለአንድ የመከራ ቁልል ትቶለታል። ዓለሙም እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1954 እና በ1955 ባሳተመው መጽሐፍ የሣለው መካከለኛው ምድር ነው።

ተጫዋቹ እስከ ሦስት ጀግኖች ይመርጣል፤ ጀግኖቹም አመራር፣ ስልት፣ መንፈስና ትምህርት ከሚባሉት ከአራቱ ዘርፎች የአንዱ ወገን ሆነው በየዙሩ አንዳንድ ሀብት ያፈራሉ፤ በዚህም ሀብት የየዘርፋቸው ካርታ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ለጉዞ የተሰለፉት ሰዎች ጽናት ተደምሮ፣ በመንገዱ ከሚጠብቁት ጠላቶችና ስፍራዎች ሥጋት ጋር ይመዘናል፤ ጽናቱ ቢበልጥ ጉዞው ይገሰግሳል፣ ቢያንስ ግን የጎደለው መጠን በተጫዋቹ የሥጋት ቁጥር ላይ ይጨመራል። ይህም ቁጥር ምንም ጥፋት ባይኖር እንኳ በየዙሩ መጨረሻ በአንድ ከፍ ይላል፤ 50 የደረሰበት ተጫዋች ከጨዋታው ይሰናበታል። ጀማሪ ሰው ሰይፍና ቀስት እያየ ልቡ ወደ ስልት ዘርፍ ይሳባል፤ ጊምሊና ሌጎላስ በዚያ ስላሉ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን መንገዱን የሚያስጨርሰው በአመዛኙ ጽናት እንጂ ሰይፍ አይደለምና፣ የመጀመሪያው ቁልል በአመራርና በመንፈስ ቢታነጽ እመርጣለሁ።

በመጀመሪያው ሳጥን ለእያንዳንዱ ዘርፍ 30 ካርታ ተዘጋጅቷል። ይህ ለልምምድ ይበቃል እንጂ፣ ሕጉ ቁልሉ ከ50 ካርታ እንዳያንስ፣ አንዱም ካርታ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይገባ ስለሚያዝ፣ ቀናው መንገድ ሁለት ዘርፎችን አጣምሮ ከ60ው መካከል 10ሩን ማስወጣት ነው። ሦስት ዘርፍ የቀላቀለ ሰው በመጀመሪያ ከሚስባቸው ስድስት ካርታዎች ለእያንዳንዱ የሚከፍልለት አንድ ጀግና ብቻ እየሆነበት፣ ሀብት ሞልቶ ሳለ መግዛት በማይቻልበት ድህነት ይያዛል።

ለጀግንነት አራጎርንን፣ ቴዎድሬድንና ኤዎዊንን እመርጣለሁ። የመነሻ ሥጋት የሦስቱ ጀግኖች ዋጋ ድምር ነውና 12፣ 8 እና 9 ተደምረው 29 ይሆናል፤ ይህችም ቁጥር በአጋጣሚ የተመረጠች አይደለችም። የአንዱዊን ጉዞ በተባለው ፈተና ገና ከመጀመሪያው የሚጠብቀው የተራራ ትሮል ሥጋቱ 30 በደረሰ ተጫዋች ላይ ስለሚነሣ፣ አራጎርንን ከጊምሊና ከግሎርፊንደል ጋር አሰልፎ በ35 የጀመረ ጀብደኛ በመጀመሪያው ዙር ስድስት የማጥቃት ኃይል ካለው አውሬ ጋር ሲጋጠም፣ በ29 የጀመረው ግን ጉዞው ካልከሸፈበት አንድ ዙር ያተርፋል። የሚያተርፈው አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ሥጋትን በስድስት የምታወርደው የገላድሪም ሰላምታ የምትባለው ካርታ በዚህ ጊዜ እጅ ላይ ብትገኝ ደግሞ ትሮሉ ለብዙ ዙር ቆሞ ይጠብቃል።

የሦስቱ ጀግኖች መስማማት ለጀማሪ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ኤዎዊን አራት ጽናት ይዛ ጉዞውን ትመራለች። ቴዎድሬድ ለጉዞ ሲሰለፍ አብሮት ለተሰለፈ ጀግና አንድ ሀብት ይሰጣል፤ አራጎርንም ያንኑ ሀብት ከፍሎ ከጉዞው ድካም ይነሣና፣ ተጓዥ ሆኖ ሳለ በዚያው ዙር ተዋጊም ይሆናል። በአራጎርን ላይ የጎንዶር መጋቢ የተባለችው ተቀጽላ ብትውል በየዙሩ ሁለት ተጨማሪ ሀብት ታስገኛለች፤ የኬሌብሪያን ዕንቍ ደግሞ ሁለት ጽናት ከመጨመሯ ሌላ አራጎርንን ለመንፈስ ዘርፍ ጭምር ከፋይ ታደርገዋለች።

ከሚወጡት አሥር ካርታዎች ፊተኛው ብሮክ ነው፤ ዋጋው ስድስት ሲሆን ጥቅሙ ድንክ ጀግና ለያዘ ሰው ነውና። የሞተ ጀግና የምታስነሣው ባለ አምስት ሀብት ካርታም ትውጣ፤ እርሷን የሚያስፈልገው ጨዋታ ብዙ ጊዜ ያለቀለት ነው። ርካሾቹ ተባባሪዎች፣ ለምሳሌ በሁለት ሀብት የሚገዛው ተንከራታቹ ቱክ፣ ይቅሩ። ከመከራ ካርታ ጋር የሚመጣውን ክፉ ትእዛዝ የምትሽረው የጽናት ፈተናም ትቅር፤ ዋጋዋ አንድ ሀብት ብቻ ስለ ሆነ፣ የኤዎዊንን የመጨረሻ ሀብት ለእርሷ ሳይነኩ ማቆየት ሊለመድ ይገባል። አምስት ሀብት የሚያስከፍለው ጋንዳልፍ ሲገባ ሦስት ካርታ ያስስባል፣ ወይም አንድን ጠላት አራት ጊዜ ያቆስላል፣ ወይም ሥጋትን በአምስት ያወርዳል፤ እርሱን ስውር ጥቃት በተባለችው ካርታ በአንድ ሀብት አስገብቶ ሥራውን ካሠራ በኋላ ወደ እጅ መመለስም የጨዋታው ታላቅ ደስታ ነው።

ሁለተኛ ተጫዋች የመጣ እንደ ሆነ፣ በሳጥኑ የቀሩት ስልትና ትምህርት ለእርሱ ይሆናሉ፤ አራቱን ጋንዳልፎችም ሁለት ሁለት ይካፈላሉ። ሌጎላስ በሩቅ ወርዋሪነቱ በባልንጀራው ላይ የመጣውን ጠላት ሊወጋ፣ አራጎርንም በጠባቂነቱ በባልንጀራው ላይ የተሰነዘረውን ምት ሊቀበል ስለሚፈቀድለት፣ ካርታው ከመበወዙ በፊት ማን ለጉዞ፣ ማን ለውጊያ እንደሚሰለፍ ሁለቱ ይነጋገራሉ።