ሮዲዮን ለመለጎም

በ1924 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቴክስ ኦስቲን የተባለ አሜሪካዊ የሮዲዮ (የከብት እረኞች የግልቢያና የገመድ ውድድር) አዘጋጅ ካውቦዮቹን፣ ፈረሶቹንና ወይፈኖቹን በመርከብ ጭኖ አትላንቲክን ተሻገረ። ለንደን ውስጥ በአዲሱ የዌምብሌይ ስታዲየም የቀረበው ሮዲዮ የከተማዋን ሰው ግልብጥ አድርጎ አወጣው። ከትርኢቶቹ አንዱ የሚሮጥን ወይፈን በፈረስ ተከትሎ፣ በገመድ ጠልፎ መሬት ላይ መጣል ነበር። በዚህ መሀል የአንድ ወይፈን እግር ተሰበረ። ከሕዝቡ የተቃውሞ ጩኸት ተነሣ፤ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የሚከላከለው የእንግሊዝ ንጉሣዊ ማኅበርም ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሰው። ክሱ ግን ውድቅ ሆነ።

እንግሊዝ በጊዜው ሕግ አጥታ አልነበረም። በ1911 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ጭካኔን ይከለክል ነበር። ነገር ግን “ጭካኔ” የሚለው ቃል ከችሎት ሲደርስ አንዱ ወገን ያሰፋዋል፣ ሌላው ያጠብበዋል። ኦስቲን ከአሥር ዓመት በኋላ በ1934 ተመልሶ ለንደን ላይ ሌላ ሮዲዮ ሲያዘጋጅ፣ ፓርላማው በዚያው ዓመት የተለየ ሕግ አወጣ። ያልተገራ ፈረስን ወይም በሬን በሕዝብ ፊት በገመድ መጣል፣ ከእንዲህ ያለ በሬ ጋር መታገል፣ እንስሳው እንዲራገጥ በሚያሠቃይ መሣሪያ ቆስቁሶ መጋለብ፤ ሦስቱም ድርጊቶች በየስማቸው ተጠርተው ተከለከሉ። እንስሳው ለተመልካች ያልተገራ ተደርጎ ከቀረበም፣ የተገራ መሆኑን የማስረዳቱ ግዴታ በአዘጋጁ ላይ ወደቀ። የአሜሪካው ዓይነት ሮዲዮ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ ምድር ሥር ሳይሰድ ቀረ።

መንግሥታት በሮዲዮ ላይ ያደረጉትን ሙከራ ለሚመረምር ሰው ይህ የለንደን ታሪክ ጥሩ መነሻ ነው። ውጤት ያመጡት ሕጎች በአብዛኛው ድርጊቱን ወይም ዕቃውን ለይተው የጠሩት ናቸውና።

በሂዩስተን፣ በዴንቨር ወይም በካልጋሪ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሮዲዮን ከሩቅም ቢሆን ያውቁታል፤ በዓሉ ሲደርስ ከተሞቹ በሰፋፊ ባርኔጣና በቆዳ ቡትስ ይሞላሉ። መነሻው የከብት እረኞች የዕለት ሥራ ነው፦ ፈረስ መግራት፣ ከመንጋው የተለየችን ጥጃ መያዝ፣ ለማከም ወይም በጋለ ብረት ምልክት ለማድረግ ማሰር። ሥራው ወደ ውድድር ሲለወጥ ግን ሰዓት ተያዘለት፤ ችግሩም ከሰዓቱ ጋር መጣ። ጥጃ በመጥለፍ ውድድር 100 ኪሎ የምታልፍ ጥጃ በሙሉ ኃይሏ ስትሮጥ ገመዱ አንገቷ ላይ ይገባል፤ ፈረሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጥጃዋ በገመዱ ተጎትታ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ጋላቢው ወርዶ ይጥላትና ሦስት እግሯን ያስራል። በእርሻ ላይ የሚሠራ እረኛ ይህን በእርጋታ ሊያደርገው ይችላል፤ ለሽልማት የሚሽቀዳደም ሰው አይችልም።

በበሬና በፈረስ ግልቢያ ደግሞ ክርክሩ የሚዞረው በሽንጥ ማሰሪያው ዙሪያ ነው። ይህ ማሰሪያ የእንስሳውን ብልት ጠፍሮ ይይዛል የሚባለው ወሬ ስሕተት ነው፤ የሚታሰረው ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት፣ ሽንጡ ላይ ነው። አዘጋጆች ማሰሪያው ለስላሳ ሱፍ የለበሰ መሆኑን እየጠቀሱ እንስሳውን ከማበሳጨት አልፎ አይጎዳውም ይላሉ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው እንስሳው የሚዘለው ያንን ነገር ከላዩ ለማራገፍ መሆኑን ያነሣሉ። ጋላቢው በአንድ እጁ ብቻ ይዞ ስምንት ሰከንድ መቆየት ያለበት በዚህ ሁኔታ ላይ ባለ እንስሳ ጀርባ ነው።

የሮዲዮ እናት አገር አሜሪካ በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩን አልነካችውም። ከ1966 ጀምሮ የሚሠራው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ የሰርከስና የእንስሳት መጠበቂያ ቦታዎችን ሲቆጣጠር፣ ሮዲዮን በስም ጠቅሶ ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ ሸክሙ በክፍለ ግዛቶችና በከተሞች ጫንቃ ላይ አረፈ።

ከከተሞቹ መካከል ፒትስበርግ በ1990ዎቹ ያወጣችው ደንብ ተጠቃሽ ነው። ደንቡ ሮዲዮን “አይደረግም” አላለም፤ በኤሌክትሪክ የሚነዝረውን መንጃ፣ የሽንጥ ማሰሪያውን፣ የሽቦ ማሰሪያን፣ ተረከዝ ላይ የሚታሰረውን ሹል ብረት ከለከለ። እነዚህ ከሌሉ ደግሞ የተለመደው ሮዲዮ ሊካሄድ አይችልም። ካሊፎርኒያ በ1994 የሚሮጥን ፈረስ እግሩን በገመድ ጠልፎ መጣልን ከለከለች። በኋላም የእንስሳት ሐኪም በሥፍራው ወይም በጥሪ እንዲገኝ፣ የተጎዳ እንስሳ የሚነሣበት ማጓጓዣ እንዲዘጋጅ፣ ሐኪሙ ስላከመው ጉዳት በ48 ሰዓት ውስጥ ለክፍለ ግዛቱ የእንስሳት ሕክምና ቦርድ እንዲያሳውቅ አዘዘች። ጉዳቱ በመዝገብ ካልሰፈረ አዘጋጁም ተቃዋሚውም በግምት ይከራከራሉ፤ ከሁሉም ድንጋጌዎች ይህኛው ክብደት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

በፌርፋክስ ጎዳና “ትንሿ ኢትዮጵያ” በምትገኝባት በሎስ አንጀለስም የከተማው ምክር ቤት የፒትስበርግን መንገድ የሚከተል ደንብ እንዲረቀቅ በ2023 መገባደጃ ወስኗል። እዚያ በደንቡ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ከነጭ ካውቦዮች ብቻ አልመጣም። ከ1984 ጀምሮ የሚካሄደው የጥቁር አሜሪካውያን ሮዲዮ የተሰየመው በቢል ፒኬት ነው። ወይፈንን ቀንዱን ይዞ የመጣል ውድድር የተጀመረው በዚህ በ1870 በተወለደ ጥቁር ካውቦይ እንደሆነ ይነገራል። ከታሪክ መጽሐፍ ተፍቀው ለኖሩ ሰዎች ይህ ትርኢት እኛም እዚህ ነበርን የሚሉበት መድረክ ነው። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ ሕግ አውጪ ሊንቀው አይገባም። የጥጃዋ አንገት ሕመም ግን ገመዱን በወረወረው ሰው ታሪክ አይቀንስም።

አንዳንድ ጊዜ አዘጋጆች ራሳቸው ሕግን ይቀድማሉ። በካናዳዋ ሰሪ ከተማ በሚካሄደው የክሎቨርዴል ሮዲዮ በ2007 አንድ ጥጃ ተጎድቶ እንዲገደል ከተደረገ በኋላ አዘጋጆቹ ጥጃ መጥለፍንና ወይፈን መጣልን ጨምሮ አራት ውድድሮችን ሰረዙ። በዓሉ አልፈረሰም፤ ከዚያ በኋላም ተመልካች አላጣም። አጎራባቿ ቫንኩቨር ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2006፣ ሮዲዮን ጨርሳ ከልክላ ነበር።

ትግሉ እስከ ሕገ መንግሥት የደረሰው በብራዚል ነው። የብራዚል የ1988 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 225 እንስሳትን ለጭካኔ የሚዳርግ ድርጊትን ይከለክላል። በሰሜን ምሥራቁ ደረቅ ምድር ደግሞ ቫኬዣዳ የሚባል የእረኞች ውድድር አለ፦ ሁለት ጋላቢዎች በሬውን በመሀላቸው ያስሮጡታል፤ አንደኛው መሥመር ሲያስይዘው ሌላኛው ጅራቱን ጎትቶ በተሰመረው ክልል ውስጥ አራት እግሩን ወደ ላይ አድርጎ ይጥለዋል። የሴያራ ክፍለ ግዛት ይህን እንደ ስፖርት የሚደነግግ ሕግ በ2013 አወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቅምት 6 ቀን 2016 ስድስት ለአምስት በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻረው። ዳኞቹ ፊት የቀረቡት የባለሙያ አስተያየቶች ስለ ተሰበሩ እግሮች፣ ስለ ተበጠሱ የደም ሥሮች፣ ከቆዳው ስለ ተገሸለጠ ጅራት ይናገሩ ነበር።

እረኞች ፈረሶቻቸውን እየመሩ ወደ ዋና ከተማዋ ብራዚሊያ ተመሙ። ምክር ቤቱም ፈጥኖ መልስ ሰጠ፦ በዚያው ዓመት ኅዳር ቫኬዣዳና ሮዲዮ የአገር ቅርስ ተብለው በሕግ ታወጁ። በ2017 ሰኔ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ተሻሻለ፤ በባህላዊ ቅርስነት የተመዘገበና የእንስሳቱን ደኅንነት በሚያረጋግጥ ልዩ ሕግ የሚመራ ስፖርት እንደ ጭካኔ አይቆጠርም የሚል ድንጋጌ ገባበት። አንድ ድርጊት ያሳምማል ወይስ አያሳምምም የሚለው የሐኪም ጥያቄ በምክር ቤት ድምፅ ተወሰነ ማለት ነው።

ማሻሻያው የጠየቀው ዝርዝር ግን መምጣቱ አልቀረም። የ2019 ሕግ በቫኬዣዳ የሚሳተፍ እያንዳንዱ በሬ የጅራት መከላከያ እንዲደረግለት፣ በሚወድቅበት ሥፍራም ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ እንዲደለደል ያዛል። ይህን ሕግ እንስሳውን ያድናል ብለው የሚከራከሩለትም ሆኑ ማስመሰያ ነው የሚሉት አንድ ነገር ማመን አለባቸው፦ መውደቁ የማያሳምም ቢሆን ኖሮ አሸዋው ባላስፈለገ ነበር። ተቆጣጣሪ ከሜዳው ገብቶ አሸዋውን ሊለካ፣ ጅራቱን ሊመለከት፣ ያልተሟላ ካገኘም ውድድሩን ሊያስቆም የሚችለውም ይህ ቁጥር በሕጉ ውስጥ ስለ ተጻፈ ነው።