የባሕር ሙቀትና የነጭ ዓባይ ውሃ

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አትላባራ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ ነው። በከተማይቱ ምሥራቃዊ ጎን ነጭ ዓባይ ይፈሳል፤ ወንዙ በዚህ ስፍራ ባሕር ኤል ጀበል፣ ማለትም የተራራው ወንዝ፣ ይባላል። ብዙው ነዋሪ ውሃ የሚገዛው ከወንዙ ቀድተው ከሚያመላልሱ ቦቴ መኪናዎች ነው። ጁባ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይሁን እንጂ ወንዙ በአንዳንድ ዓመታት ከልክ በላይ ለመሙላቱ ዋነኛ ምክንያት የሚሆነው በዚያ ሩቅ ውቅያኖስ ገጽ ላይ የሚታይ፣ ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም የማይበልጥ የሙቀት ለውጥ ነው።

ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ ይህን ያህል ጉልበት ከየት አገኘ? ውሃ ሙቀትን አምቆ በመያዝ ረገድ ከአየር እጅግ ይበልጣል። የውቅያኖስ የላይኛው 2.5 ሜትር ውሃ ብቻውን የሚይዘው ሙቀት ከበላዩ ያለው አየር በሙሉ ከሚይዘው ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ ሰፊ ባሕር በ1 ዲግሪ ሞቀ ማለት ለነፋስና ለደመና ብዙ ስንቅ ተዘጋጀ ማለት ነው።

በአዘቦቱ ጊዜ በምድር ወገብ አጠገብ የሚነፍሰው ነፋስ የሕንድ ውቅያኖስን ሞቃት ውሃ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሱማትራ ደሴት ይገፋል። በአንዳንድ ዓመታት ግን ነፋሱ ይገለበጣል። በሱማትራ ዳርቻ ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ይወጣል፤ ሞቃቱ ውሃ ወደ አፍሪካ ጎን ይሰበሰባል፤ ደመናውም ተከትሎት ይመጣል። በዚህን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወራት በምሥራቅ አፍሪካ ዶፍ ይወርዳል። ተመራማሪዎች ለዚህ ክስተት ስም የሰጡት በ1999 ነው፤ መጠኑንም የሚያውቁት የውቅያኖሱን ምዕራባዊና ምሥራቃዊ ጎኖች በማነጻጸር ነው። የሚነጻጸረውም የዕለቱ ሙቀት እንዲሁ ሳይሆን፣ በዚያ ስፍራና በዚያ ወር ለብዙ ዓመታት ከተመዘገበው አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ነው። 28 ዲግሪ በአንዱ ወር የተለመደ፣ በሌላው ወር ያልተለመደ ሊሆን ይችላልና።

በ1961 መጨረሻ እንዲህ ያለ ዝናብ ጣለ። የቪክቶሪያ ሐይቅም እስከ 1964 ድረስ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ አለ። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በኪዮጋና በአልበርት ሐይቆች በኩል አልፎ ጁባ ይደርሳል፤ ከጁባ በስተሰሜን በሞንጋላ የወንዙ ፍሰት ከ1905 ጀምሮ ይለካ ስለነበር፣ ጭማሪው በመዝገቡ ላይ በግልጽ ይታያል። ሱድ የተባለው ረግረግ እጅግ ሰፋ፤ የግጦሽ መሬትም ተውጦ ቀረ።

የባሕርን ሙቀት መለካት ቴርሞሜትር ነክሮ ቁጥር ማንበብ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። በ1853 የልዩ ልዩ አገሮች የባሕር ኃይል መኰንኖች በብራስልስ ተሰብስበው የአየርና የባሕር ሁኔታ በአንድ ዓይነት መዝገብ እንዲሠፍር ተስማሙ። መርከበኛው ባልዲ በገመድ ወደ ባሕር ይጥላል፤ ውሃውን ስቦ ያወጣል፤ ቴርሞሜትሩን ነክሮ ያየውን ይጽፋል። ለብዙ ዘመን ያልተጠየቀው ባልዲው ከምን እንደተሠራ ነው። የእንጨት ባልዲ ሙቀቱን ይጠብቃል። የሸራ ባልዲ ግን፣ እንስራ ላዩ እያላበው ውስጡን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ፣ ውሃው በሸራው በኩል እየተነነ ይቀዘቅዛል። መርከበኛው ለማንበብ በዘገየ ቁጥር ስሕተቱ ይጨምራል። ኋላም ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ከባሕር የሚሳበውን ውሃ መለካት ተለመደ፤ ይህ ደግሞ በሞተሩ ክፍል ሙቀት እየተነካ ከእውነተኛው ጥቂት ሞቆ ይገኛል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙውን መዝገብ ያቀረቡት በሞተር ውሃ የሚለኩ የአሜሪካ መርከቦች ነበሩ። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ በባልዲ የሚለኩት የእንግሊዝ መርከቦች ተመለሱ፤ በመዝገቡም ላይ የዓለም ባሕር በድንገት ወደ 0.3 ዲግሪ የቀዘቀዘ መሰለ። ተመራማሪዎች የዚህን ምክንያት ለይተው ያወጡት በ2008 ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ከ1950ዎቹ ወዲህ የሞቀው በአማካይ ወደ 1 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ 0.3 ዲግሪ የሚናቅ ስሕተት አይደለም።

ሳተላይትም ቢሆን ከስሕተት አይድንም። ከባሕሩ የሚወጣውን ታሕተ ቀይ ጨረር የሚያነበው ሳተላይት የሚያየው ከወረቀት የሳሳውን የውሃ ቆዳ ብቻ ነው፤ ደመና በመካከል ከገባም ማየት ይሳነዋል። በ1982 ኤል ቺቾን የተባለው የሜክሲኮ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ወደ ሰማይ የወጣው ጭጋግ የሳተላይቱን ንባብ አዛባው፤ ባሕሩም ከእውነተኛው የቀዘቀዘ መሰለ። በዚያው ጊዜ ፓስፊክ ውቅያኖስ እየሞቀ፣ ኤል ኒኞ የሚባለው ክስተት በዘመኑ ከታዩት ሁሉ በርትቶ እየመጣ ነበር። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ያወቁት ከገፋ በኋላ ነው። ኤል ኒኞ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ2015 በኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ያነሰው በእርሱ ምክንያት ነበር። ከዚያ ትምህርት በመነሣት በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ኋላም በሕንድ ውቅያኖስ፣ ከባሕሩ ወለል ጋር በገመድ የታሰሩ ተንሳፋፊ መለኪያዎች ተተከሉ። ሌሎች ደግሞ እስከ 2,000 ሜትር ጥልቀት እየወረዱና እየወጡ ልኬታቸውን ለሳተላይት ያስተላልፋሉ። ዛሬ ባለሙያው የአንዱን ስሕተት በሌላው ያርማል።

በ2019 መጸው የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ጎን እጅግ ሞቀ፤ በደቡብ ሱዳን የጎርፉ ጉዳት ከ900,000 በላይ ሰዎችን ነካ። በግንቦት 2020 የቪክቶሪያ ሐይቅ በ1964 የደረሰበትን ከፍታ በጥቂቱ አለፈ። ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ የተቀበለውን ውሃ የሚለቀው ቀስ በቀስ ነው። በመሆኑም ከጁባ በታች በቦር፣ በሌላም ወገን በቤንቲዩ፣ ጎርፉ እስከ 2022 ድረስ በየዓመቱ ተመላለሰ፤ ከብት አርቢው ከብቱን ይዞ ደረቅ መሬት ፍለጋ ተሰደደ። በ2023 መጨረሻ ውቅያኖሱ እንደገና ሞቀ። በግንቦት 2024 ሐይቁ ከዚያ በፊት ከተመዘገበው ከፍታ ሁሉ በለጠ። በዚህ ጊዜ ግን የጎርፉ ማስጠንቀቂያ ለደቡብ ሱዳን የደረሰው ውሃው ራሱ ከመድረሱ በፊት ነበር።