የድምፅ ማፈኛ በትንንሽ ጠመንጃዎች ላይ፤ የጥንቱና የዛሬው

ማክሲም የሚለው ስም የሚታወቀው በመትረየስ ነው። የመትረየሱ ፈልሳፊ ልጅ ሃይረም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ በአሜሪካ አገር፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም.፣ ለጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1934 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በአባትየውና በልጁ ዕቃ ላይ በአንድነት ምዝገባና የ200 ዶላር ቀረጥ መጣሉ ያስገርማል።

ጩኸቱ በብዛት የሚመጣው አረሩን ተከትሎ ካፈሙዙ ከሚፈነዳው የባሩድ ጋዝ ነው። ማፈኛው ጋዙን በቱቦ ውስጥ በተደረደሩ ክፍሎች እያጋጨ ያበርደዋል።

ሃያ ሁለት ካሊበር የሚባለው፣ የቀለሁ ጠርዝ ሲመታ የሚተኮሰው ትንሽ ጥይት፣ ጋዙ ጥቂት ስለ ሆነ ለማፈን ይቀላል። ችግሩ ሌላ ነው፤ አረሩ ብዙ ጊዜ ራቁቱን እርሳስ ስለ ሆነ ቱቦውን በእርሳስና በጥላሸት ይሞላዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ሰላዮች የያዙት የሃይ ስታንደርድ ሽጉጥ ማፈኛ በሽቦ ወንፊት የታጨቀ ነበር። ወንፊቱ ጋዙን ደኅና አድርጎ ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን በተተኮሰ ቁጥር እየደከመ ስለሚሄድ መለወጥ ነበረበት። የዛሬዎቹ በወንፊት ፈንታ ከአሉሚኒየም፣ ከማይዝግ ብረት ወይም ከቲታኒየም የተሠሩ ክፍልፋዮች አሏቸው፤ አንዳንዶቹም ከአንድ ወጥ ብረት የተቀረጹ ናቸው። ብዙዎቹ ተፈትተው ይጠረጋሉ። በእኛ አስተያየት ትልቁ መሻሻል ጸጥታው ሳይሆን ይኸው መጠረጋቸው ነው።

«ድምፅ አልባ» የሚለው ስም ግን ያሳስታል፤ ስሙን አምኖ ጆሮውን ሳይሸፍን የሚተኩስም አለ። ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለት በሰከንድ ከ340 ሜትር ያህል፣ የሚበልጥ አረር በአየር ላይ የሚያሰማውን ስንጥቅታ፣ የጥንቱም ሆነ የዛሬው ማፈኛ አያስቀረውም።