ያገለገለ ቤት ለአዲስ ዘንዶ

ያገለገለ የእባብ ሳጥን ከአዲሱ ይሻላል ብዬ የምከራከር ሰው ነኝ። መስታወት አያረጅም፤ የተንሸራታች በሩ ሐዲድ ቢያልቅ በጥቂት ዶላር ይተካል። አዲስ ሳጥን የሚገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡን እዚያው ላይ ይጨርስና ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ለሚቀጥለው ደሞዝ ያሳድረዋል። ለእንስሳው ሕይወት የሚበልጠው ደግሞ ቴርሞስታቱ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ በየጋራዡ አቧራ የጠጣ ስንት ደህና ሳጥን አለ! ልጅ ኮሌጅ ሲገባ፣ ቤተሰብ ቤት ሲቀይር፣ በርካሽ ይሸጣል፤ አንዳንዴም እንዲሁ መንገድ ዳር ይወጣል።

የማወራው ስለ ኳስ ዘንዶ ቤት ነው። ኳስ ዘንዶ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኡጋንዳ የሚገኝ፣ መርዝ የሌለው፣ ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ የሚጠቀለል ዓይን አፋር እባብ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። ልጆቻችን እባብ ላሳድግ ሲሉ የሚያማትብ ወላጅ በአእምሮው የሚስለው በሀገራችን ቆላ የሚኖረውን ግዙፉን የአፍሪካ ዘንዶ ነው፤ እሱ ሌላ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮም ወደ አሜሪካ እንዳይገባ በፌዴራል ሕግ ታግዷል። ኳስ ዘንዶ ግን ከልጅ ጋር አብሮ ያረጃል። የሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት በ1961 ከግለሰብ የተረከባት ሴት ኳስ ዘንዶ በ2020፣ ዕድሜዋ ከ60 ካለፈ በኋላ፣ ለረጅም ዓመታት ወንድ አጠገቧ ሳይደርስ 7 እንቁላል ጥላለች። እንዲህ ለሚኖር እንስሳ የሚዘጋጅ ቤት በችኮላ አይሠራም።

ስለ መጠኑ ብዙ አልልም፤ ለአዋቂ 120 በ60 በ60 ሳንቲሜትር ይበቃል። መስታወት ወይም ፕላስቲክ ይሁን። ችፑድ ከሆነና ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ በነጻ ቢሰጧችሁም ተዉት፤ የሰረገውን ቆሻሻ የሚያወጣ ሳሙና የለም።

ከዋጋው በፊት ደግሞ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ እዚህ ውስጥ የነበረው እባብ ምን ሆነ? ሌላ ሰው ወስዶት ከሆነ ጥሩ። ሞቶ ከሆነ እንዴት እንደሞተ ይንገራችሁ። የበላውን እያስመለሰ፣ ሆዱ መሃል ላይ እያበጠ፣ እየከሳ ከሞተ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል፤ እሱን በረኪና አይገድለውም። እንዲህ ያለውን ሳጥን እኔ አላነሳም፣ እናንተም አታንሱ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ሰው ሁሉ ሳጥኑን ገዝቶ፣ በረኪና ነፍቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ መስታወቱ ሲያበራ «ጸዳ» ይላል። አልጸዳም። ማጽዳትና ጀርም መግደል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው የሚሠራው የመጀመሪያው ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። በበረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል፤ ሳጥኑ ላይ የደረቀ ኩስ፣ የቆዳ ቅርፊት ወይም የአፈር ቅሪት ካለ ኃይሉን እዚያ ይጨርስና ጀርሙ ጋ ሳይደርስ ይሞታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሳሙናና ሙቅ ውሃ፣ ስፖንጅና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ይህ ሁሉ ከተፋቀ፣ ከታጠበና ከተለቀለቀ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ፊቱ ሁሉ ይርጠብ፣ 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ፤ ነፍቶ ወዲያው መጥረግ በረኪናውን ማባከን ነው። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሞ ማለቅለቅና ክፍት አየር ላይ ማድረቅ ነው። በረኪናን ከአሞኒያም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የወጥ ቤት መታጠቢያም ላይ አይታጠብ። ጤነኛ የሚመስል እባብ ሳልሞኔላ ሊሸከም ስለሚችል ሥራው ውጭ፣ በጎማ ውሃ፣ ትንንሽ ልጆች ሳይኖሩበት ይሠራ።

ከጀርም ሁሉ ይበልጥ የማይታወቀው ግን ማይት ነው። ማይት የመዥገር ዘመድ የሆነ ደቃቅ ደም መጣጭ ነው፤ ጠግቦ እንኳ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ አያልፍም። ቀን ቀን በእባቡ ቅርፊት ስር፣ በዓይኑ ዙሪያና በአገጩ ስር ይሸሸጋል። እንቁላሉን የሚጥለው ግን በእባቡ ላይ አይደለም፤ ከእባቡ ወርዶ ጨለማና እርጥበት ያለበት ስንጥቅ ይፈልጋል። ያገለገለ ሳጥን ደግሞ ስንጥቅ አያጣም፦ የሲሊኮኑ መገጣጠሚያ፣ የበሩ ሐዲድ፣ የብሎን ቀዳዳ፣ ከሁሉም በላይ የዓሣ ሳጥኖችን ከላይና ከታች የሚከበው ጥቁር የፕላስቲክ ጠርዝ። በሞቀ ክፍል ከእንቁላል እስከ አዋቂ ለመድረስ ሁለት ሳምንት አካባቢ ይበቃዋል። አዋቂው ደም ሳያገኝ ሳምንታት ይቆያል። «ሳጥኑ እኮ ወር ሙሉ ባዶ ነበር» የሚለው መተማመኛ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ወዳጄ ከልጁ ጋር የገዙትን ሳጥን ሊያሳየኝ ጠርቶኝ ነበር። መስታወቱ እውነትም ያበራል። ልጁ «ጋሼ፣ በረኪና ሁለት ጊዜ ነፍተንበታል» አለኝ። ነጭ የወረቀት ፎጣ አርጥቤ በታችኛው የፕላስቲክ ጠርዝ ስር ጎተትኩት። የበርበሬ ፍሬ ያህል እንኳ የማይሆኑ ጥቁር ነጠብጣቦች ይዞ ወጣ። አንዷ ትንቀሳቀስ ነበር። ሌላዋን በጥፍሬ ስጨፈልቃት ወረቀቱ ላይ ቀይ ምልክት ተወች፤ የጠጣችው ደም ነው። ልጁ ዓይኑን ከወረቀቱ አልነቀለም። እባቡ ገና አልተገዛም ነበርና ጊዜ ነበረን።

የዚያን ቀን የሠራነው ይህንን ነው። የሚፈታውን ሁሉ ፈታን፤ ሐዲዱን፣ ማጠፊያውን፣ የሽቦ ወንፊቱን። የተላቀቀውን አሮጌ ሲሊኮን በምላጭ አነሳን። ጠርዙን በሳሙና ውሃ ዘፈዘፍነው። ሳሙናው የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ፦ ንጹህ ውሃ ላይ ማይት ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ሳሙና የውሃውን የላይኛ ገጽ ስለሚያላላው ይሰምጣል። የፈላ ውሃ መስታወት ላይ አይደፋም፣ ይሰነጥቀዋል። አዲሱን ሲሊኮን ስንገዛ ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበትን መረጥን፤ መከላከያው መርዝ ነውና። ኮምጣጤ የመሰለው ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስም እባቡ አይገባም። ከነበረው ጌጥ ውስጥ እንጨቱንና የቡሽ ቅርፊቱን ጣልነው። ልጁ አዘነ፤ ግን ቀዳዳው የበዛ እንጨት ለማይት ከፕላስቲክ ጠርዝ የባሰ መሸሸጊያ ነው፣ አዲስ ቅርፊት ደግሞ ርካሽ ነው።

ማይት የሚገድሉ ፐርሜትሪን ያለባቸው መርጫዎች ገበያ ላይ አሉ። ይሠራሉ፤ ነገር ግን ደርቆና ነፍሶ ሳያልቅ እባብ ቢገባበት ይመርዘዋል፣ ድመት ላለበት ቤትም አደገኛ ነው። እኔ ተባዩን በዓይኔ ካላየሁ አልጠቀምባቸውም፤ የእንስሳት ሐኪም ሳይጠየቅም መጀመር የለበትም።

የቀረው አጭር ነው። ሞቃቱ ጫፍ ከ31 እስከ 33፣ ቀዝቃዛው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ እርጥበቱ 60 በመቶ አካባቢ። ከአሮጌው ሳጥን ጋር የመጣ ማሞቂያ ገመዱ የተላጠ ከሆነ ይጣል፤ ደህና ቢሆንም ያለ ቴርሞስታት አይሰካ፤ ቁጥጥር የሌለው ማሞቂያ የእባብ ሆድ ያቃጥላል። ሴዳር የተባለው እንጨት ፍቅፋቂ ለምንጣፍ አይሆንም፤ ዘይቱ ይጎዳዋል። መደበቂያ ሁለት ይሁን፣ አንድ በየጫፉ፤ አንድ ብቻ ከሆነ እንስሳው ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። በሩ ላይ ቁልፍ ይግባ፤ ጭንቅላቱ በሾለከበት ሌላው አካሉ ይከተላል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሳጥኑ እባብ ሳይገባበት ሳምንት ያህል ይሥራ። ቴርሞሜትሩን ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊት፣ የቤቱ ማሞቂያ ሲጠፋም ተመልከቱት። ወለሉ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፉና ጠዋት ጠዋት ጥቁር ነጠብጣብ ፈልጉ። እባቡ ከገባ በኋላም ለመጀመሪያዎቹ ወራት ምንጣፉ ይኸው ነጭ ወረቀት ይሁን፤ የውሃ ሳህኑን ስታጥቡ ግርጌውን እዩ፣ የሰመጡ ማይቶች እዚያ ይታያሉ። እባቡ ቀኑን ሙሉ ውሃው ውስጥ ተጠቅልሎ መዋል ከጀመረም ዓይኑ ዙሪያን በአጉሊ መነጽር መርምሩ። ለመጀመሪያው ሳምንት አታቅፉት። ምግቡን ከዚያ በኋላ፣ ማታ፣ መብራት ቀንሳችሁ ስጡት፤ ባይበላ ምግቡን አንስታችሁ ሌላ ሳምንት ጠብቁ።