በነጻ የተላከልን መጽሐፍ የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድም በስልኬ መጽሐፍ ላከልኝ። ከነሽፋኑ ገጽ በገጽ ስካን የተደረገ ነበር። መልካም መጽሐፍ ስለ ነበር ሳልውል ሳላድር ለቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች በቴሌግራም አስተላለፍኩት። ብዙዎች "ተባረክ ፓስተር" ብለው መለሱልኝ።

ከወራት በኋላ የመጽሐፉን ጸሐፊ፥ በዕድሜ የገፉ የጌታ አገልጋይ፥ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። በሳሎናቸው ጥግ ካርቶን እስከ መስኮቱ ተደርድሯል። ያው መጽሐፍ ነበር። የማተሚያውን ዋጋ የከፈሉት ተበድረው ነው። "አነበብነው የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ የገዙት ግን ጥቂት ናቸው" አሉኝ። እኔ ያደረግሁትን አያውቁም ነበር።

የቅጂ መብት ምንድን ነው?

የቅጂ መብት አንድ ሰው በራሱ ድካም ያዘጋጀውን መጽሐፍ፥ መዝሙር ወይም ሌላ ሥራ ማባዛት፥ መተርጎምና ማሰራጨት የሚፈቅደው እርሱ ራሱ እንዲሆን ሕግ የሚሰጠው መብት ነው። ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ሲሆን ከሥራው ፍሬ መጠቀም ነው። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ ይህም የሥራው ባለቤት ስሙ እንዲጠራና ሥራው እንዳይዛባ የመጠየቅ መብት ነው።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

በአገራችን ይህን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ከዚህ ሕግ ብዙዎቻችን የማናስተውላቸውን ነጥቦች ላንሳ።

አንደኛ፥ መብቱን ለማግኘት ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሥራው ተዘጋጅቶ በወረቀት ወይም በድምፅ ከተቀመጠ ጥበቃው ይጀምራል። ስለዚህ "መብቱ የተጠበቀ ነው" የሚል ጽሑፍ አለመኖሩ ፈቃድ አይሆንም።

ሁለተኛ፥ የኢኮኖሚ መብቱ በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ያረፈ ዘማሪ መዝሙር ለልጆቹ የተተወ ርስት ነው።

ሦስተኛ፥ ሕጉ ሐሳብን አይከለክልም። ከአንድ መጽሐፍ የተማርነውን እውነት በራሳችን ቃል ብናስተምር አልሰረቅንም። ምንጩንና የጸሐፊውን ስም ጠቅሶ በመጠኑ መጥቀስም ይፈቀዳል። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማዘጋጀት ቢፈቀድም መጽሐፍን ሙሉ በሙሉ ፎቶ ኮፒ ማድረግን አይጨምርም። ለመቶ ሰው መላክማ ከግል ጥቅም የራቀ ነው።

ሉተርም አቤት ብሎ ነበር

ይህ ጥያቄ የቴሌግራም ዘመን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1525 ገና በመታተም ላይ የነበረ የማርቲን ሉተር የስብከት መጽሐፍ ረቂቅ ዊተንበርግ ካለው ማተሚያ ቤት ተሰርቆ ኑረምበርግ ውስጥ ታተመ። ሉተርም ለኑረምበርግ ከተማ ምክር ቤት ደብዳቤ ጽፎ አቤት አለ። ልብ በሉ፥ ሉተር ለጽሑፎቹ ከአታሚዎች ገንዘብ አይቀበልም ነበር። ያሳዘነው በአታሚዎቹ ላይ የደረሰው ኪሳራና በተሰረቀው እትም ውስጥ የተሞላው ስሕተት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም የበግና የጽጌረዳ ምልክቶችን በብሉይ ኪዳን ትርጉሙ ላይ አሳትሞ፥ መጽሐፉ በእርሱ እጅ ያለፈ ለመሆኑ ምስክር አድርጎ ነበር።

ዛሬም የአንድ ሰዓት ስብከት ወደ አንድ ደቂቃ ተቆርጦ ሰባኪው ያላሰበውን ሲናገር እንሰማለን። ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

"ወንጌል እኮ በነጻ ነው!"

ብዙ ወገኖች ማቴዎስ 10፥8ን ያነሳሉ። እውነት ነው፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን በነጻ የተቀበሉትን በነጻ እንዲሰጡ አዝዟቸዋል። ነገር ግን ሁለት ቁጥር ወረድ ብለን ብናነብ ለሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባውም ተናግሯል። በነጻ መስጠት የሚችለው ባለቤቱ ነው። ንጉሥ ዳዊት የኦርናን አውድማ በነጻ ሲሰጡት እንኳ ዋጋ ያልከፈለበትን ለእግዚአብሔር ማቅረብ አልወደደም (2ሳሙ. 24፥24)። እኔ ግን በሌላ ሰው ድካም ለጋስ ሆኜ ምስጋና ተቀበልሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከመላካችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ። ብዙ አገልጋዮች ሥራቸውን በደስታ ይፈቅዳሉ፤ የፈቀዱትን በተፈቀደው መጠን ማካፈል መልካም ነው። መዝሙር ስንወድ ፋይሉን ከመላክ ይልቅ ዘማሪው ራሱ የለቀቀበትን አድራሻ እንላክ። ስናካፍል ስም አናጥፋ፥ ቃሉንም አንቁረጥ። መግዛት የማይችሉ ወገኖች ካሉ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ቅጂዎች ገዝታ በቤተ መጻሕፍቷ ታኑርላቸው።

እኔም በዚያ ቀን ከመጸለያችን በፊት ያደረግሁትን ለአባታችን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ልጆቹ ወደዱት?" ብለው ጠየቁኝ። በሚቀጥለው እሑድ የላክሁትን ፋይል አጥፍቼ ወጣቶቹን ይቅርታ ጠየቅሁ። ሁለት ካርቶን ገዝተን ወሰድን። ገና ብዙ ካርቶን ቀርቷል።

ጌታ በትንሹም የታመንን ያድርገን።