ክሩ የተበጠሰባቸው ዓመታት

በ1970ዎቹ መጨረሻ ጎጃም በረንዳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ከሚመጡልኝ ሬዲዮዎች ግማሹ በሽታቸው አንድ ነው፤ የጣቢያ መፈለጊያው ክር ተበጥሷል። የአገር ቤቱን ጣቢያ ብቻ የሚሰማ ሰው ክር አይጨርስም፤ አንዴ ከከፈተ ድምፁን ከመቀነስና ከመጨመር በቀር ሥራ የለውም። ክር የሚጨርሰው ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቦ የአሜሪካ ድምፅን፣ የጀርመን ድምፅን፣ ደፈር ያለው ደግሞ የአማፂዎቹን ጣቢያ በአጭር ሞገድ የሚያሳድደው ነው። ሰሜን ላይ ነገር ሲበላሽ እኔ ጋ ክር ያልቃል።

በመጋቢት 1980 የነበረኝ ክር በአንድ ሳምንት አለቀ። በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ናሽናል ሬዲዮ በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። ሳልፈታላቸው ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ አፍአበት የሚሉት አገር ከአስመራ ይርቃል?»

ልጃቸው እዚያ ነበር። ስለ ልጃቸው ጦር የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ናደው።

ናደው እዝ ሻዕቢያን ናቅፋ ተራሮች ላይ ፊት ለፊት ገጥሞ የተቀመጠው ጦር ነበር፤ ዋና ሰፈሩ አፍአበት። በ1974 ኮሎኔል መንግሥቱ ራሳቸው አስመራ ወርደው የመሩት የቀይ ኮከብ ዘመቻ ናቅፋን ሊይዝ አልቻለም። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወገኖች ምሽግ ለምሽግ ተፋጠው ዓመታት ቆዩ። በየካቲት 1980 መንግሥቱ እንደገና ወደ አስመራ ሄዱ፤ የናደው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔም በእሳቸው ትእዛዝ ተረሸኑ። ጦሩ ከሻዕቢያ ጥይት በፊት በገዛ መንግሥቱ ጥይት አዛዡን አጣ።

ወር ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 8፣ ሻዕቢያ አጠቃ። ነገሩ በጥቂት ቀን አለቀ። ወደ ኋላ ያፈገፍግ የነበረው የታንክና የመኪና ሰልፍ አድ ሽሩም በተባለ ጠባብ መተላለፊያ ላይ የፊተኛው ሲመታ የኋለኛው መውጫ አጣ፤ መሣሪያው ለጠላት እንዳይተርፍ ብሎ የገዛ አገሩ አውሮፕላን ደበደበው። እዚያ ውስጥ ስለነበሩት ልጆች ብዙ አስቤአለሁ። ሦስት የሶቪየት አማካሪዎች ተማረኩ። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ባሲል ዴቪድሰን ድሉን ፈረንሳይ በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቬትናም ውስጥ ዲየን ቢየን ፉ ላይ ከደረሰባት ሽንፈት ጋር አወዳደረው። ስለ አፍአበት ሲወራ ሰው የሚከራከረው በሞተውና በተማረከው ቁጥር ነው። እኔ የምለው ግን የካቲትን ረስታችሁ መጋቢትን አትቁጠሩ ነው።

በዚያው ወር መጨረሻ፣ መጋቢት 25፣ መንግሥት ከሶማሊያ ጋር ታረቀ፤ የምሥራቁ ጦር ወደ ሰሜን እንዲዞር። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ አሥር ዓመት ያልተቻለው እርቅ አፍአበት በወደቀ በሁለት ሳምንት ተቻለ። የመጣው ጦር ግን ቀዳዳውን አልደፈነም። በየካቲት 1981 ሕወሓት ከሻዕቢያ በመጣ ጦር ታግዞ ሽሬ ላይ 604ኛውን ኮር ደመሰሰ። መቀሌ ከዚያ በኋላ ያለ ውጊያ ነው የተለቀቀችው፤ ትግራይ በሙሉ ከመንግሥት እጅ ወጣ።

ግንቦት 8 ቀን 1981 መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን በረሩ፤ ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። ጦርነቱ በድርድር ይለቅ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። መከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም እዚያው ግቢ ተገደሉ፤ ሕንፃው በታንክ ሲከበብ ኤታማዦር ሹሙ መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ አምሃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ። አስመራ ላይ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ደምሴ ቡልቶ ተገደሉ። ከታሰሩት ውስጥ 12 ጄኔራሎች በግንቦት 1982 ተረሸኑ። ማሴራቸውን ትክክል ነው አልልም፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ ተሰብስቦ መከበብን የመሰለ ስህተትም ከወታደር አይጠበቅም። ግን ጦርነት ውስጥ ያለ አገር በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ አዛዥ ካጣ፣ የሚቀጥለውን ማን ይመራዋል?

የሚቀጥለው ምጽዋ ነበር። በየካቲት 1982 መጀመሪያ ሻዕቢያ ወደቧን ያዘ፤ ጠዋለት ደሴት ላይ እስከ መጨረሻው የተዋጉት ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ወደቡ ሲዘጋ የአስመራ ጦር ስንቁም ጥይቱም በአውሮፕላን ብቻ የሚደርስ ሆነ። ሳምንታት ሳይቆይ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጀ። ለእንደኔ ዓይነቱ ባለ አንድ ክፍል ሱቅ ደስ የሚል ዜና ነበር፤ ለጦሩ ምን ሊረባው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። የካቲት 1983 ላይ ጎንደርና ጎጃም፣ ቀጥሎ ወለጋ። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ሄዱ፤ ግንቦት 16 ሻዕቢያ አስመራ ገባ፤ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ። ያን ሰሞን ሬዲዮ ሊያስጠግን የመጣ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ከደጅ ሆኖ በጆሮው ይሰማ ነበር።

የተበተነው ወታደር ከተማውን ሞላው። አንዱ፣ ባዶ እግሩን፣ ትንሽ የኪስ ሬዲዮ ሊሸጥልኝ ገባ። ከየት እንደመጣ ስጠይቀው ሲጀምር ናደው እንደነበር፣ ከአፍአበት በእግሩ ከረን ደርሶ እንደተረፈ ነገረኝ። ልቤ ዘለለ። የእማማን ልጅ ስም ነገርኩት፤ ቀይ፣ ረጅም፣ አልኩት እሳቸው እንዳሉኝ።

«የትኛው ክፍለ ጦር ነው?» አለኝ። «14ኛ? 19ኛ? 21ኛ?»

አላወቅሁም። እማማም አልነገሩኝም፤ እሳቸውም አያውቁ። ሬዲዮውን ገዛሁት፤ ክሩ ደህና ነበር።