ጉንዳን አገር ሲይዝ

(ከሬዲዮ ንግግሮቻችን)

ጉንዳንን የማያውቅ ሰው የለም። ከስኳር ዕቃው ዙሪያ፣ ከማር እንስራው አፍ ላይ፣ ከደጃፋችንም ሥር ዘወትር እናየዋለን፤ ብናየውም ከቁም ነገር አንቈጥረውም። ትንሹን ቁጫጭ በመጥረጊያ ጠርገን እናልፈዋለን፤ ገብረ ጉንዳን ሲመጣ ደግሞ መንገዱን ለቀን እናሳልፈዋለን። ይሁን እንጂ በዛሬው ዘመን በሩቅ ባሕር ደሴቶች ላይ ጉንዳንን ብቻ ለመቆጣጠር ከቤተ ሰባቸው ለወራት ተለይተው የሚሠሩ የመስክ ሠራተኞች አሉ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ምን እንደ ሆነ፣ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለጃናሞራም የሥራ ሰው ምን ትምህርት እንደሚሰጥ በዚህ ንግግር ለመግለጽ እንሞክራለን።

አስቀድሞ የጉንዳንን አስተዳደር ማወቅ ያስፈልጋል። በተለመደው ሥርዐት እያንዳንዱ የጉንዳን መንደር የራሱ ሽታ አለው። አንዱ ጉንዳን ሌላውን ሲያገኝ በቀንዱ ይዳስሰዋል፤ ሽታው የወገኑ ከሆነ ያሳልፈዋል፤ ባዕድ ከሆነ ግን ይጣላዋል። በዚህ ምክንያት መንደሮቹ እርስ በርስ ሲዋጉ አንዱም ከልክ በላይ ሳይበዛ ይኖራል። አንዳንድ ዐይነት ጉንዳኖች ግን ይህን ድንበር ያፈርሳሉ። በአንድ መንደር ብዙ ንግሥቶች ይኖራሉ፤ ከአንዱ ጉድጓድ የወጣው ከሌላው ጉድጓድ ከወጣው ጋር አይጣላም፤ ሁሉም እንደ አንድ መንግሥት ሆነው ምድሩን ይሸፍኑታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን በእነዚህ ላይ በእውነት ይፈጸማል።

ይህ ነገር በሩቅ አገር ብቻ የሚነገር አይደለም። ዶክተር ማግዳሌና ሶርገር የተባሉት ተመራማሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በማጥናት ከታወቁት ከዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአገራችን ያደረጉት ጥናት በ2017 ታትሟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ጥናቱ ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የምትባል ትንሽ ጉንዳን ከቤተ ክርስቲያን ደን አንሥቶ እስከ ከተማና እስከ መንገድ ዳር ድረስ በብዛት መስፈሯን ገለጸ። ከእነዚህ ታላላቅ ማኅበሮች አንዱ እስከ 38 ኪሎ ሜትር ድረስ የተዘረጋ ሆኖ ተገኘ። ይህች ጉንዳን ከውጭ የመጣች ሳትሆን የአገራችን ተወላጅ መሆኗ ሊቃውንቱን አስደንቋል። የዚሁ ወገን የሆነች ሌላ ጉንዳን በ2015 በአውስትራልያ በዳርዊን ወደብ በተገኘች ጊዜ መንግሥት የማጥፋት ዘመቻ ከፍቶባታል። በአገሯ ልኳን ይዛ የምትኖር ፍጥረት፣ ሰው በዕቃ ጭኖ ባዕድ ምድር ሲያደርሳት ወራሪ ልትሆን ትችላለችና።

በደሴት ላይ የደረሰውን ጥፋት ለማየት በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኘውን የክሪስማስን ደሴት እንመልከት። የዚህች ደሴት ደን ጠባቂ ቀይ ሸርጣን ነው፤ የረገፈውን ቅጠልና የበቀለውን ቡቃያ እየበላ ደኑን ያጸዳል። ቢጫ እብድ ጉንዳን የምትባለው ባዕድ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በመርከብ ገብታ ብዙ ዓመት ያለ ጉዳት ኖረች፤ በ1989 ግን የመጀመሪያው ታላቅ ማኅበሯ ታየ። ይህች ጉንዳን ከሰውነቷ አሲድ ትረጫለች፤ በዚህም በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሸርጣኖችን ፈጀች። ሸርጣኑ ሲያልቅ ከደኑ ሥር ያለው ቡቃያ ያለ ከልካይ በቀለ፤ የደኑም መልክ ተለወጠ። ከሰላማዊ ውቅያኖስ ደግሞ የጆንስተን ደሴት አለች። በዚያ ይህችው ጉንዳን በ2010 ተገኘች፤ በምድር ላይ ጎጆ የሚሠሩትን የባሕር ወፎች አሲዷን እየረጨች ዐይናቸውን ታጠፋ ነበር።

እንግዲህ የመስክ ሠራተኛው ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ብዙ ሰው ሥራው መርዝ መርጨት ብቻ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ከሥራው የሚበዛው መራመድና መቊጠር ነው። ሠራተኛው ምድሩን በመስመር ይከፋፍላል፤ በየተወሰነው እርምጃም ትንሽ ካርድ አኑሮ በላዩ ጣፋጭና ቅባት ያለበት ምግብ ያስቀምጣል። ጥቂት ጊዜ ጠብቆ ይመለስና የመጡትን ጉንዳኖች ዐይነታቸውን ለይቶ ይቈጥራል፤ ቊጥሩንም ከቦታው ጋር በመዝገብ ይጽፋል። ሁለት መንደሮች አንድ ማኅበር መሆናቸውን ለማወቅ ደግሞ ከየመንደሩ ጥቂት ጥቂት አምጥቶ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምራቸዋል። ቢጣሉ ልዩ ልዩ ናቸው፤ በሰላም ቢተላለፉ ግን የአንድ መንግሥት ዜጎች መሆናቸውን ይገምታል።

ከዚህ በኋላ መርዙ ይመጣል። መርዙ ፈጥኖ የሚገድል እንደ ሆነ ሥራው ከንቱ ነው። ከጉድጓዱ ውጭ የምናያቸው ሠራተኞቹ ብቻ ናቸውና፤ እነርሱ በመንገድ ቢሞቱ ንግሥቶቹ ከመሬት ውስጥ ሆነው ሌሎችን ይወልዳሉ። ስለዚህ መርዙ ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ ከሚወዱትም ምግብ ጋር የተቀላቀለ መሆን አለበት። ሠራተኛዪቱ ጉንዳን ተሸክማው ትገባለች፤ ከአፍ ወደ አፍ እያቀበለች እጮቹንና ንግሥቶቹን ታበላለች፤ መንደሩም በገዛ ስንቁ ይጠፋል። በዚህ ላይ የሰማዩን ሁኔታ መጠበቅ ግድ ነው፤ ዝናብ ቢዘንብ ምግቡ ይበላሻልና። ሌላው ፍጥረትም መርዙን እንዳይበላ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በክሪስማስ ደሴት በ2002ና በ2009 መርዙ በሄሊኮፕተር ተበትኖ ጉንዳኗን ቀንሷት ነበር፤ ነገር ግን ተመልሳ በዛች። ኋላም ሊቃውንቱ ወደ ምክንያቱ ዞሩ። ጉንዳኗን የሚመግቧት፣ በዛፍ ላይ ተጣብቀው ጭማቂ የሚመጡና ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያወጡ ጥቃቅን ተባዮች ነበሩ። በ2016 መጨረሻ እነዚህን ተባዮች ብቻ የምታጠቃ ደቃቅ ተርብ ከማሌዥያ አምጥተው ለቀቁ። ጠላትን ከመምታት ይልቅ ስንቁን መቊረጥ እንደሚሻል ከዚህ እንረዳለን።

በጆንስተን ግን ሥራው ሌላ መልክ ነበረው። ጥቂት ሰዎች እየተፈራረቁ ለወራት በድንኳን ኖሩ፤ መርዙንም በየጊዜው እያሻሻሉ ደጋግመው አኖሩ። ጉንዳኗ መታየቷ ካቆመ በኋላም ፍለጋው ለዓመታት ቀጠለ፤ በመጨረሻም በ2021 ደሴቲቱ ነጻ መሆኗ ተገለጸ። ከዚህ ሥራ ሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው። በመዝገብ ላይ «ዜሮ» ብሎ ለመጻፍ ብዕር ማንሣት ብቻ ይበቃል፤ እውነተኛውን ዜሮ ለማግኘት ግን ባዶውን ምድር ደግሞ ደጋግሞ መራመድ ያስፈልጋል። አንዲት ንግሥት ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ከቀረች የዐሥር ዓመት ድካም ውሃ ይበላዋልና።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ «እኛ የምንኖረው በተራራ እንጂ በደሴት አይደለም» ይሉ ይሆናል። ነገሩን በአስተውሎት ለሚመለከት ግን ደሴት ማለት በውሃ የተከበበ ምድር ብቻ አይደለም። በእርሻ መካከል ብቻውን የቀረ፣ ጥድና ወይራው የተጠበቀለት የቤተ ክርስቲያን ደን ደሴት ነው። ቆላውና እርሻው ከዙሪያው የከበበው፣ ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የስሜን ደጋም ደሴት ነው። ይህ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ከሚገኙት ተርታ ገብቶ፣ ከዚያም ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ ጠብቋል። አንድ ጊዜ የተጐዳን ለመጠገን 21 ዓመት መፍጀቱን አይርሱ።

በ2019ና በ2020 አንበጣ አገራችንን በወረረ ጊዜ ሁሉም አየው፤ ክንፍ ነበረውና ሰማዩን አጨለመ። ጉንዳን ግን እንዲህ አይመጣም። እንዲህ ካሉት ጉንዳኖች ብዙዎቹ አዲስ መንደር ሲያቈሙ ንግሥቲቱ በእግሯ ጥቂት ርቃ ትሰፍራለች፤ ሩቅ አገር የሚያደርሳት ሰው ነው። በችግኝ ሥር ያለ አፈር፣ በመኪና የተጫነ አሸዋ፣ ግንድና አሮጌ ዕቃ ዋና ሠረገላዎቿ ናቸው። ከጎንደር በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ጃናሞራ የሚወጣው መኪና የሚጭነውን ሁሉ ስናስብ ነገሩ ከጽሕፈት ቤታችን የራቀ አለመሆኑን እንረዳለን።

ስለዚህ ከመንግሥት ሠራተኛ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፤ ለተከላ የሚመጣ ችግኝ ከመውረዱ በፊት የአፈሩ ከረጢት ይታይ፤ ጉንዳን የሞላበትም ተለይቶ ይቆይ። ሁለተኛ፤ ጉንዳን በዛ ተብሎ አቤቱታ ሲቀርብ መርዝ ይረጭ ብሎ ከመፈረም በፊት ዐይነቱ ይታወቅ። ጉንዳን ሁሉ ጠላት አይደለም፤ አፈሩን ያላላል፣ ዘር ያደርሳል፣ ተባይ ይበላል። ያለ ልክ የተረጨ መርዝም ንብን ይገድላል፤ የንብ ቀፎ ለብዙ ገበሬ የቤት ወጪ መሸፈኛ መሆኑን ማንም ያውቃል። ሦስተኛ፤ የተሠራው ሥራ ከተፈጸመ በኋላም ተመልሶ የሚያይ ሰውና ለዚያ የሚሆን በጀት ይኑር። ከመስክ የተላከው ሠራተኛ «ገና አልጠፋም» ብሎ ቢጽፍ እንደ ሰነፍ አይቈጠር፤ እውነቱን የጻፈ እርሱ ነውና።

ጉንዳን ትንሽ ናት፤ ኀይሏ ግን ከመተባበርና ካለመታከት የመጣ ነው። እርሷን የሚቆጣጠረውም ሰው ድል የሚያደርገው በዚሁ መንገድ፣ ዛሬ የቈጠረውን ነገ ደግሞ በመቊጠር ነው።